በአቶ ታደሰ ባጅ ጅማ ደርሼ መጣሁ

እህል በረንዳ ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ከመጣሁ ጀምሮ «ጅማ እንዴት ነው?» እያላችሁ ሥራ አስፈታችሁኝ። ለአንዷ አውርቼ ሳልጨርስ ሌላዋ ትደርስና «እስቲ ከመነሻው» ትላለች። ስለዚህ ጻፍኩት። የምትችሉ አንብቡ፣ የማትችሉ አስነብቡ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። መስመሩ ከተንጋደደ ጥፋቱ የጆንያው ነው።

ለማያውቀኝም ልናገር። ሸምሲያ እባላለሁ። ገመድና ባዶ ጆንያ ነው የምሸጠው። ከእህል በረንዳ የሚወጣ ጤፍ ያለ እኔ ገመድ መኪና ላይ አይወጣም፤ ለገዢ አስተሳሰሩንም መርቄ አሳያለሁ። ወዛደሮቹ አንድ ቋጠሮ እምቢ ሲላቸው «ወደ እትዬ ሸምሲያ ውሰደው» ይባባላሉ። እግሬ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ወራቤ በሉ፣ ሐረር በሉ፣ ድሬዳዋ በሉ፣ ሰበብ ካገኘሁ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ እነሳለሁ። ጅማ ብቻ ቀርታብኝ ነበር።

የአሁኑ ሰበቤ የልጄ ልጅ ሰሚራ ናት። ሰሚራ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዌብሳይት ትሠራለች። ዌብሳይት ማለት የዩኒቨርሲቲው የሱቅ መስኮት ነው፤ ተማሪው ምዝገባ መቼ እንደሆነ፣ ውጤት መውጣት አለመውጣቱን በስልኩ የሚያየው እዚያ ነው። ሰሚራ ኢማንን ወልዳ ዕረፍት ስትወጣ መስኮቱን ብሩክ ለሚባል የሥራ ባልደረባዋ ሰጡት። ተመልሳ ስትገባ አለቃዋ አቶ ታደሰ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ልጅሽ ጠንከር እስክትል ቀለል ያለውን ያዢ፤ የበዓል መልካም ምኞት ትለጥፊያለሽ።» ያን ያህል ዓመት ተምራ «እንኳን አደረሳችሁ» ለጣፊ!

በዚህ መሐል የየዩኒቨርሲቲው ዌብሳይት ሠሪዎች የሚገናኙበት ስብሰባ ጅማ ተጠራ። ሰሚራ በዕረፍቷ ወቅት የሠራችው አዲስ ነገር አላት። «እማማ፣ አቶ ታደሰ ባለበት፣ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ካሳየሁ መስኮቴን ይመልስልኛል። እዚያ ካላሳየሁ መልካም ምኞት እንደለጠፍኩ ማርጀቴ ነው» አለችኝ። ኢማን ጡጦ ጭራሽ አትፈልግም፤ ጡት ካልሆነ ጩኸት ነው። የሰሚራ ባል የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ሲገኝ ነው የሚገኘው። እናስ? አንቀልባውን አራግፌ ተነሣሁ።

ሐሙስ ማለዳ ወጣን። በዩኒቨርሲቲው መኪና ነበር የምንሄደው፤ ግን አቶ ታደሰ «ስብሰባ ያዘኝ፣ በመኪናው እከተላችኋለሁ» ብሎ ስለደወለ ሰሚራ፣ ብሩክ፣ ኢማንና እኔ ወደ አውቶብስ ተራ ሄድን። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ሆኖ ጭነት ሲያስር ከታች ሆኜ አየሁት።

«ልጄ፣ ይሄ ቋጠሮ ወልቂጤ አይደርስም» አልኩት።

«እማማ፣ እዚህ መስመር ላይ ነው ጥርሴን የነቀልኩት!»

ጥርስ ስለመንቀሉ አልዋሸም፣ የፊተኛው የለም። ቋጠሮው ግን ቱሉ ቦሎ እንኳ ሳንደርስ ተፈታና የአንዲት ልጅ የሠርግ ፍራሽ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ከኋላችን ይመጣ የነበረ አይሱዙ ቆመ፤ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሙሽራውስ የት ወደቀ?» ሲል አውቶብሱ ሙሉ ሳቀ፣ ባለፍራሿ ብቻ አለቀሰች። ረዳቱ አንገቱን ሰብሮ ወደ እኔ መጣ። ከታች ሆኜ «በዚህ አሳልፈህ፣ በዚያ መልሰህ» እያልኩ አሳሰርኩት። ከዚያ ወዲያ ጅማ እስክንገባ ስሜ «አለቃ» ሆነ፤ ግቤ ላይም «ለአለቃ» ብሎ ማንጎ ገዛልኝ።

ወሊሶን ስናልፍ ኢማን ተነሣችና ሰሚራ ጡት አጎረሰቻት። በቀረው እጇ ስልኳን አወጣች።

«እማማ፣ የማሳየው ይኸው ይሄ ነው። ይህ የድሮው ገጽ ነው። ምዝገባ መቼ እንደሆነ ልይ ብል አውራ ጣቴ እዚያ ጥግ ድረስ መንጠራራት አለባት። አትደርስም። ኢማንን ሳጠባ ነው የገባኝ። ሕፃን የያዘ አለ፣ ታክሲ ውስጥ ብረት የጨበጠ አለ፣ እጁ የተሰበረ አለ። አሁን አዲሱን እይ፤ የሚፈለገውን ሁሉ ወደ ታች አወረድኩት።» አውራ ጣቷ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ሁሉ ጋ ደረሰች።

ብሩክ ከኋላ ወንበር አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። «እትዬ፣ ይህቺ ልጅ ሥራዬን ልትቀማኝ ነው» አለ።

«ሥራህ? የማን ነበርና?» አልኩት። ፊቱ ቀላ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ የኢማንን ልብስና ዳይፐር የያዘውን ሻንጣ እስከ ጅማ የተሸከመው እሱ ነው።

ወልቂጤ ቆጮ በጎመን በላን። አብነት አካባቢ የምንበላው ከዚህ ጋር ሲተያይ ወረቀት ነው። ባለቤቲቱ ሰሚራ ግድግዳ ስር ተሸጉጣ ስታጠባ አየቻትና እጇን ይዛ ጓዳዋ አስገባቻት፤ አልጋዋ ላይ አስቀመጠቻት። ስንወጣ የሻዩን ሂሳብ አልቀበል አለች። «የሻዩ የእሷ ነው» ብላ ኢማንን ጠቆመች። መርካቶ ውስጥ ቦታ ለሰው ሲለቀቅ ያየሁት ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

ግቤን ስንወርድ ሙቀቱ ከቆርቆሮ ሱቅ የከሰዓት ሙቀት ይብሳል። ኢማንን እስከ ዳይፐሯ አወለቅንላት። ከወንዙ ማዶ ወጥተን ጅማ ስንቃረብ ደግሞ ዝናብ ተቀበለን። ሆቴሉ ለሰሚራ የያዘላት ክፍል አንድ አልጋ ብቻ ነበረው። «ሦስተኛ ሰው አልተመዘገበም» አለ እንግዳ ተቀባዩ። ክፍል የምታጸዳው ፎዚያ ይህን ሰምታ ምንም ሳትናገር ሄደች፤ ስትመለስ በራሷ ላይ ፍራሽ፣ በእጇ የእንጨት በርጩማ ይዛለች። «እናቴ አንቺን ነው የምትመስለው» አለችኝና የገላ ማጠቢያ ሙቅ ውኃ ለኢማን አመጣች። ጅማ በርጩማዋ ብቻ ሳይሆን ሰዋም ከደህና እንጨት የተጠረበ ነው።

ዓርብ ስብሰባው እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ተጀመረ። በር ላይ ማህሌት የምትባል አስተናባሪ ለሁሉም ስሙ የተጻፈበት ባጅ አንገቱ ላይ ታጠልቃለች። ባጅ የሌለው ምሳ አይበላም። እኔን አየችና ተጨነቀች። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ባጆች አገላብጣ አንዱን አነሣች።

«እማማ፣ አቶ ታደሰ ዛሬ አይደርሱም ተብሏል። የእናንተው ቤት ሰው ናቸው። የእሳቸውን ያጥልቁ፣ ማንም አይጠይቅዎትም።»

«የአለቃዬን?» አለች ሰሚራ ደንግጣ።

«ዝም በይ፣ ምሳ ነው የተባለው» አልኳትና አጠለቅኩት። ክሩ ረጅም ስለነበር ኢማን ካርዱን ይዛ መምጠጥ ጀመረች። ስለዚህ ከማጅራቴ ላይ አሳጥሬ ቋጠርኩት፤ የአህያ ጭነት የሚያዝበትን ቋጠሮ።

በዚያ ቀን እንዴት እንደተከበርኩ! «አቶ ታደሰ፣ እንኳን ደህና መጡ» ይሉኛል እየሳቁ። አንዱ መነጽራም ወጣት ግን ባጁን ብቻ አይቶ ፊቴን ሳያይ ጠጋ አለኝና «የእናንተ ሰርቨር የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰርቨር ዌብሳይቱ የሚኖርበት ኮምፒውተር ነው፣ ኋላ ሰሚራ ነገረችኝ።

«እሱንማ አላህ ነው የሚያውቀው ልጄ» አልኩት።

በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እኛም ጋ እንደዚሁ ነው» ብሎ ሄደ።

ስብሰባውን ስሰማ ዋልኩ። ነገሩ ግማሹ ባይገባኝም አንድ ነገር ገብቶኛል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተማሪ ይሻማሉ፣ እነዚህ ሠራተኞቻቸው ግን ተቀምጠው «እኛ ጋ ይህ ተበላሽቶ በዚህ አዳንነው» እየተባባሉ ዘዴ ይሰጣጣሉ። ሰዎች ይገረሙ ይሆናል፣ እኔ አልተገረምኩም። እኛስ ተራችን ላይ ሁላችን ገመድ አይደል የምንሸጠው? ግን ለሶላት ስነሣ ሱቄን የምትጠብቀው አጠገቤ ያለችው ገመድ ሻጭ ናት። ገዢ ሲመጣ የራሷን ትታ የእኔን ትሸጣለች፤ ያውም በእኔ ዋጋ። በራሷ ዋጋ ብትሸጥ ተራው ውስጥ አንገቷን ቀና አድርጋ አትሄድም።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከሰዓት በኋላ ማህሌት ለየሰዉ ሦስት ሦስት ስቲከር አደለች። በማግሥቱ ማውራት የሚፈልግ ርዕሱን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ሌላው መስማት የሚፈልገው ላይ ስቲከር ያደርጋል። ብዙ ያገኘ በትልቁ አዳራሽ ይናገራል፣ የቀረው በየጥጉ ይበተናል። ሰሚራ «በአንድ እጅ» ብላ ለጠፈች። ብሩክ ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ሌቦች፣ «ሌባ የማይገባበት ዌብሳይት» ብሎ ለጠፈ። ማህሌት ባጄን አይታ ለእኔም ሦስት ስቲከር መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

ሰሚራ አየችኝ። ዓይኗ የሚለው ግልጽ ነበር።

እኔ ግን የያዝኩት የሰው ሱቅ ነው። ከብሩክ ስልክ ላይ አስደወልኩ።

«ሃሎ፣ አቶ ታደሰ ነዎት?»

«ነኝ፣ ማን ልበል?»

«ዛሬ እርስዎን ሆኜ የዋልኩ ሴት ነኝ።»

ነገሩን ስነግረው ሳቀ። «ታዲያ እንዴት ነኝ?» አለ።

«ምሳ በደንብ በልተዋል። አሁን ስቲከር ደርሶዎታል፤ የት ልለጥፍልዎ?»

«ብሩክ ላይ ይለጥፉልኝ እናቴ።»

«ስለ አንድ እጅ የሚልም አለ። ጥሩ ዕቃ ይመስላል።»

«ብሩክ ላይ፣ ሦስቱንም» አለኝ። አንዴ ዋጋ ጠርቶ እንደማይወርድ ነጋዴ ነው። ባለቤቱ ዋጋውን ከነገረኝ ወዲያ ምን አደርጋለሁ? ሄጄ ሦስቱንም ብሩክ ላይ ለጠፍኩ። እውነት ለመናገር ሦስተኛዋን ስለጥፍ ጣቴ ዘግይታለች፤ ግን ለጥፋለች።

ሲቆጠር ብሩክ ሰሚራን በሁለት በለጣት።

«እማማ! በገዛ እጅሽ?» አለች ሰሚራ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«የእኔ ቢሆን ላንቺ ነበር። የታደሰን ነው የለጠፍኩት።»

«ታደሰ እኮ እዚህ የለም!»

«እኮ፣ ለዚያ ነው።»

አላናገረችኝም። ብሩክ ትልቁን አዳራሽ ወሰደ፤ ለእሷ የደረሳት በዚያው ሰዓት የምግብ ቤቱ ክፍል ነው፣ ሳህን በሚንኳኳበት። ያ ማለት አቶ ታደሰ ቢመጣ እንኳ ትልቁ አዳራሽ ገብቶ ብሩክን ይሰማል፣ እሷን አያያትም። ራቷን ሳትበላ ተኛች። ፎዚያ ኩርፊያውን አየችና ሁለታችንን በየተራ ተመለከተች። «እኔና እናቴም እንዲህ ነን» ብላ ሙዝ አምጥታ መሐላችን አስቀመጠች። እኔ በላሁት። ምን ላድርግ፣ እሷ እንደሁ አትነካውም!

ቅዳሜ። ሰሚራ ምግብ ቤቱ ውስጥ ስትቆም የሚሰማት ሰው እፍኝ አይሞላም ነበር፤ መነጽራሙ ወጣት አንዱ ነው። እኔ ኢማንን አቅፌ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። አንዱ አስተናጋጅ ጭልፋ ይጥላል፣ እሷ ድምፅዋ ይቀንሳል። ልቤ ተቃጠለ።

ይሄኔ ከደጅ ጭቅጭቅ ሰማሁ። አንድ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ሰው ከዘበኛው ጋር ይከራከራል።

«እኔ ታደሰ ነኝ እያልኩህ!»

«ጋሼ፣ አቶ ታደሰማ ትናንት ገብተዋል። ሕፃን ታቅፈው አይቻቸዋለሁ።»

የዩኒቨርሲቲውን መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት በግፊያ ነው የወጣው። ማህሌት ሮጣ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀችና ወደ እኔ አመጣችው። የብሩክ ንግግር ተጀምሮ ነበርና ቸኩሏል።

«እናቴ፣ ባጄን ካልሰጡኝ አዳራሹ አያስገቡኝም» አለ።

«የእርስዎ ነው፣ ምን ገዶኝ! እስክፈታው ልጅቷን ይያዙልኝ» ብዬ ኢማንን አስታቀፍኩት። እጄን ወደ ማጅራቴ ሰደድኩ። ቋጠሮው እምቢ አለ። ሳብኩ፣ ጠበቀ። «ኧረ ምን ጉድ ነው! ቁጭ ይበሉ፣ ልጅቷ ትከብዳለች» አልኩት። ተቀመጠ። መቀመጫው ሰሚራ ፊት ለፊት ነበር። ምን ላድርግ፣ ባዶ የነበረው እሱ ነው።

ሰሚራ አለቃዋ ኢማንን ታቅፎ ስታየው የጀመረችውን ዐረፍተ ነገር ተወችው። ከዚያ ስልኳን ከፍ አድርጋ ቀጠለች። «አሁን ሁላችሁም አንድ እጃችሁን ከኋላ አድርጉ። በቀረው እጅ የየዩኒቨርሲቲያችሁን ገጽ ክፈቱና ምዝገባ መቼ እንደሆነ ፈልጉልኝ» አለች።

አቶ ታደሰ እጁን ከኋላ ማድረግ አላስፈለገውም፤ አንዱን ኢማን ይዛዋለች። ስልኩን አወጣ። አውራ ጣቱን ወደ ላይ አንጠራራ፣ አልደረሰም። ስልኩን በመዳፉ ውስጥ ወደ ታች ሊያንሸራትት ሲል ሊያመልጠው ነበር። ላብ አጠመቀው።

«ይሄን ማን ነው እንደዚህ ያደረገው?» አለ ጮክ ብሎ።

መነጽራሙ አጠገቡ ነበር፤ ወደ ስልኩ አየት አደረገና «የእናንተ ነው» አለው።

ሰሚራ ሳትስቅ «አሁን ደግሞ አዲሱን እንሞክር» ብላ ወደ ስልካቸው ላከችላቸው። የአቶ ታደሰ አውራ ጣት ከፍታ፣ ወርዳ፣ አገኘች። አንዴ ኢማንን አየ፣ አንዴ ስልኩን አየ።

እኔ አሁንም ቋጠሮዬን እታገላለሁ።

ወዲያው ኢማን ያቀፋት ሰው ጡት እንደሌለው ገባትና ጩኸቷን ለቀቀችው። አቶ ታደሰ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እሹሩሩ አለ። ሰሚራ መጥታ ወሰደቻትና ሻርፗን ጣል አድርጋ ጡት አጎረሰቻት። «ይቅርታ፣ እንቀጥል» አለች፤ በግራ እጇ ልጇን፣ በቀኝ አውራ ጣቷ ስልኳን ይዛ አንድ በአንድ አሳየች። በዚህ መሐል የሻይ ሰዓት ደረሰ። ሻዩ ደግሞ ያለው ምግብ ቤቱ ውስጥ ነው። ትልቁ አዳራሽ የነበረው ሰው ሁሉ ስኒውን ሊያነሣ መጥቶ ቆሞ ቀረ፤ ብሩክም ከኋላ ስኒ እንደያዘ ቆመ። ስትጨርስ በጭብጨባው ኢማን ደንግጣ ጡቷን ለቀቀች።

«አሁን ተፈታ!» አልኩ ባጁን አውልቄ።

«ሲፈታም ሰዓቱን ጠብቆ ነው» አለ አቶ ታደሰ።

ማታ ሰሚራ ታረቀችኝ። ሙዙን ግን መልሺ አለች።

እሑድ ሁላችንም በዩኒቨርሲቲው መኪና ተመለስን። ፎዚያ የተቀመጥኩበትን በርጩማ «ለእናቴ የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም» ብላ ጣሪያው ላይ ጫነችው፤ አቶ ታደሰ ማር፣ ብሩክ ሙዝ ገዝተዋል። ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ በዚያው በአህያ ጭነት ቋጠሮ። ግቤ እስክንደርስ አቶ ታደሰ ከፊት ወንበር ሆኖ በአንድ እጁ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ወደ ኋላ ዞሮ «ሰሚራ፣ ሰኞ ከብሩክ ጋር ቁጭ ብላችሁ ገጹን ተረካከቡ» አለ።

ሰሚራ እጄን አጥብቃ ያዘች። «የመልካም ምኞቱንስ?» አለች።

«በተራ እንለጥፈዋለን» አለ ብሩክ። «የመጀመሪያው በዓል የእኔ ነው።»

ከተክለ ሃይማኖት አልፈን ሱቄ ደጃፍ ስንቆም ሾፌሩ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከገመዱ ጋር ትግል ገጠመ። በጥርሱም ሞከረ። ብሩክ ወጣ፣ አልሆነም። ወዛደሮቹ ከበረንዳቸው ሆነው ይስቃሉ። «ቆይ ልጄ፣ ጫፉን ወርውርልኝ» አልኩት። ኢማንን በግራ ክንዴ እንዳቀፍኩ በቀኝ እጄ ጫፉን ይዤ አንዴ ሳብ አደረግኩት። ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ተፈትቶ እግሬ ሥር ወደቀ።

አቶ ታደሰ ገመዱን አየ። እጄን አየ። ከዚያ አንገቱ ላይ የቀረውን ባጅ በጣቱ ነካ አደረገ።

«እትዬ ሸምሲያ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የእኔ ክር ትናንት ምን ነክቶት ነበር?»

«የባጅ ክር ቀጭን ነው ልጄ» አልኩት። «ያስቸግራል።»